ያደረ ግብር ዜግነትንም ያሳድራል
በአሜሪካ ግብር ዘግይቶ ማሳወቅ ዜግነት አያስከለክልም፤ የሚያስከለክለው ሌላ ነው

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል ንግድ የጀመሩ ሸሪኮች ብዙውን ጊዜ አንድ ወረቀት ይጠብቃሉ። እዚህ ያለው ሸሪክ መጋዘን ተከራይቶ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቶ ዓይኑን መንገድ ላይ ጥሏል። እዚያ ያለው ደግሞ «ዜግነቴን ልጨርስና መጥቼ እቀመጣለሁ» ይላል። አባባሉ ሰበብ አይደለም። ግሪን ካርድ ይዞ ከአሜሪካ ውጭ ረዥም ጊዜ መቀመጥ ካርዱን ሊያሳጣ ይችላል። ዜጋ ግን ዓመትም ቆየ አምስት ዓመት፣ በፓስፖርቱ ተመልሶ ይገባል። ወላጆቹን ያለ ኮታ ወረፋ ማስመጣት የሚችለውም ዜጋ ሲሆን ነው። እንግዲህ የዜግነቱ ጉዳይ በተጓተተ ቁጥር አዲስ አበባ ያለው መጋዘን ኪራዩን እየበላ ይቆያል።

ጉዳዩን ከሚያጓትቱት ነገሮች አንዱ በጊዜው ያልቀረበ የግብር ማስታወቂያ ነው። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ወሬ ይነገራል። አንዱ፣ ግብሩን አንድ ዓመት ያዘገየ ሰው ዜግነት አያገኝም የሚል ነው። ሌላው ደግሞ፣ ግብር የአይ አር ኤስ ጉዳይ ስለሆነ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት አያየውም ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውን ያለ ምክንያት ያስፈራዋል፤ ሁለተኛው ዋጋ ያስከፍላል።

«መልካም ጠባይ» ሲባል

የአሜሪካ ሕግ አመልካቹ ግሪን ካርድ ካገኘ በኋላ 5 ዓመት፣ ከዜጋ ጋር ተጋብቶ አብሮ የሚኖር ከሆነ ደግሞ 3 ዓመት በአገሪቱ መኖሩን ይጠይቃል። በዚሁ ዘመን መልካም ጠባይ ያለው ሰው ሆኖ መቆየቱን ማስረዳትም የራሱ የአመልካቹ ፋንታ ነው። መሥሪያ ቤቱ የአመልካቹን ጥፋት እስኪያስረዳ አይጠበቅም። የሚታየው ጊዜ 5 ዓመት ነው ይባል እንጂ፣ መርማሪው ከዚያ በፊት ወደነበረው ዘመንም መለስ ብሎ የማየት ሥልጣን ተሰጥቶታል።

ግብር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የፖሊሲ መመሪያ፣ ማቅረብ እያለበት የግብር ማስታወቂያ ያላቀረበ ወይም ዕዳውን ያልከፈለ ሰው መልካም ጠባዩን ማስረዳት ሊሳነው እንደሚችል ይገልጻል። «ሊሳነው ይችላል» ነው የሚለው፤ የብዙ ሰው ጉዳይ የሚወሰነውም በዚህ «ይችላል» ውስጥ ነው። ምክንያቱም መመሪያው መውጫውንም አብሮ አስቀምጧል። ተገቢው ማስታወቂያ መቅረቡን፣ ግብሩ መከፈሉን ወይም ለመክፈል ስምምነት መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ ከግብር መሥሪያ ቤቱ ያመጣ ሰው ጉዳዩ ሊቃናለት ይችላል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣ የመሥሪያ ቤቱ ማስታወሻ ሚዛኑን ጠበቅ አድርጎታል። መርማሪዎች ጥፋት አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን የአመልካቹን በጎ ሥራም እንዲመዝኑ ያዝዛል። በበጎ ጎን ከሚቆጠሩት መካከል የግብር ግዴታን መወጣት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ የግብር ወረቀት መከላከያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የሚያስመዘግብ ነገርም ሆኗል።

ለአዲስ አበባ ነጋዴ ይህ እንግዳ አይደለም። የግብር ክሊራንስ ሳይዝ ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የሄደ ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል። ልዩነቱ፣ በአሜሪካ የዜግነት ጉዳይ ላይ «ክሊራንስ» የሚባል አንድ ወረቀት አለመኖሩ ነው። በእሱ ፈንታ የሚቀርበው አይ አር ኤስ በነፃ የሚሰጠው ትራንስክሪፕት ነው፤ የ5 ዓመት፣ በጋብቻ ለሚያመለክት የ3 ዓመት። ሒሳብ ሠሪው ያተመውን ቅጂ ይዞ መቅረብ ለዚህ እኩል አይሆንም። ቅጂው ማስታወቂያው መሞላቱን ያሳያል እንጂ አይ አር ኤስ ዘንድ መድረሱን አያረጋግጥም። ገንዘብ ተቀብሎ ወረቀቱን ሳይልክ የቀረ ሒሳብ ሠሪ የገጠመው ሰው ጉዱን የሚያየው ትራንስክሪፕቱን ሲያወጣ ነው።

የዘገየና ያልቀረበ

የአሜሪካ የግብር ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ማስታወቂያው የሚቀርበው እስከ ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን ድረስ ነው። ኤክስቴንሽን የጠየቀ ሰው እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ያገኛል፤ እስከዚያ ድረስም ዘገየ አይባልም። ነገር ግን የሚራዘመው የወረቀቱ ቀን ብቻ ነው፤ ገንዘቡ በኤፕሪል 15 መከፈል አለበት።

ነጋዴ ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡን ቢያሰላ ይጠቅመዋል። ማስታወቂያ ባለማቅረብ የሚጣለው መቀጫ ካልተከፈለው ግብር ላይ በወር 5 በመቶ ሲሆን እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። አቅርቦ ባለመክፈል የሚጣለው ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። ለምሳሌ ያህል አቶ እገሌ የሚባሉ ባለታክሲ 6 ሺህ ዶላር ግብር መጣባቸው እንበል። ገንዘቡ ስለሌላቸው ወረቀቱንም አስቀሩት። ከአምስት ወር በኋላ ሁለቱ መቀጫዎች ተደምረው 1 ሺህ 500 ዶላር ይሆናሉ፤ ወለዱ ሌላ ነው። እኚሁ ሰው ገንዘቡን ባይከፍሉም ማስታወቂያውን በቀኑ አስገብተው ቢሆን ኖሮ የአምስት ወሩ መቀጫ 150 ዶላር ነበር። «ገንዘቡ ሲገኝ አሠራዋለሁ» የሚለው ልማድ በአሥር እጥፍ ያስቀጣል ማለት ነው።

ለዜግነቱም ሚዛኑ ከዚህ አይርቅም። ዘግይቶ የቀረበ፣ መቀጫውም ተከፍሎ የተዘጋ ዓመት መርማሪውን ምናልባት አንድ ጥያቄ ያስጠይቀዋል። «ለምን ዘገየ?» ሲባል የሚሰጥ እውነተኛ መልስ ካለ፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልፋል። ጨርሶ ያልቀረበ ዓመት ግን ክፍት ቁስል ነው። አይ አር ኤስም ላልቀረበ ማስታወቂያ የይርጋ ዘመን አይቆጥርም፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ሊጠይቅ ይችላል።

ገቢዬ ትንሽ ስለሆነ አይመለከተኝም የሚለውም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ደሞዝተኛ ከሆነ ገቢው ሕጉ ካስቀመጠው ወለል በታች ሲሆን የማሳወቅ ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። በግሉ የሚሠራው ባለታክሲ፣ ደላላ ወይም አስመጪ ግን ከዓመቱ ሥራው ወጪው ተቀንሶ 400 ዶላር የተጣራ ገቢ ካገኘ ማሳወቅ አለበት። ተመላሽ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ቢዘገይ ባለማቅረብ አይቀጣም። ሦስት ዓመት ካሳለፈ ግን ተመላሹ ገንዘብ ለመንግሥት ይቀራል። ማሳወቅ እያለበት ትቶት ከነበረም ለዜግነቱ ክፍት ዓመት መሆኑ አልቀረም።

ባዕድ ነኝ ያለ እጅ

ከመዘግየት ይልቅ አደገኛው፣ አዲስ አበባ ተመላልሶ ለሚነግድ ሰው የተጠመደው ሌላ ወጥመድ ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የትም ይኑር የት፣ ካርዱን በሥርዓቱ እስኪመልስ ወይም እስኪነጠቅ ድረስ ለአሜሪካ ግብር ነዋሪ ነው። የሚሞላውም የነዋሪውን ፎርም 1040 ነው። አንዳንዱ ግን ዓመቱን አዲስ አበባ ስላሳለፈ ብቻ፣ ወይም ሒሳብ ሠሪው ግብሩ ይቀንሳል ብሎት፣ የነዋሪ ያልሆነውን ሰው ፎርም 1040 ኤን አር ይሞላል። ሌላው ደግሞ «እዚያ አልነበርኩም» ብሎ ጭራሹን ይተወዋል።

የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን 400 የሚባለው፣ ይህን በቀጥታ ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ካገኙ ወዲህ በግብር ማስታወቂያ ላይ ራስዎን ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ሰው ብለው ያውቃሉ ወይ፣ ወይም ነዋሪ አይደለሁም በማለት ማስታወቂያ ሳያቀርቡ ቀርተዋል ወይ ይላል። ለዚህ «አዎን» የሚል መልስ የያዘ ሰው በደንቡ መሠረት ነዋሪነቱን እንደተወ ይገመታል። ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ ይቻላል፤ ሸክሙ ግን የአመልካቹ ነው። ያተረፈው ጥቂት መቶ ዶላር ግብር ከሆነ፣ የከፈለው ዋጋ ግሪን ካርዱን ጭምር ጥያቄ ላይ መጣል ነው።

ሕጋዊ ሆኖ ሳለ ራስን የሚያስመሰክር ሌላ ፎርምም አለ። ውጭ አገር ሠርቶ ያገኘውን ገቢ ከአሜሪካ ግብር ነፃ ለማውጣት ፎርም 2555 ይሞላል፤ ለ2025 ነፃ የሚሆነው እስከ 130 ሺህ ዶላር ነው። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን መብት የሚያገኘው በተከታታይ 12 ወራት ውስጥ 330 ቀን ውጭ አገር መቆየቱን ሲያሳይ ነው። ይህን የፈረመ ሰው ከዓመቱ ውስጥ አሜሪካ የቆየው ከ35 ቀን ያነሰ ወይም እዚያው ገደማ መሆኑን በገዛ እጁ ጽፎ ሰጥቷል። ዜግነት ደግሞ ከ5 ዓመቱ ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ መገኘትን ይጠይቃል። በአንድ ጉዞ ከ6 ወር በላይ የቀረ ሰው ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመታል፤ ዓመት ከሞላው ግምት መሆኑ ቀርቶ ተቋርጧል ይባላል። ፎርሙን የሞላው ሒሳብ ሠሪ ግብሩን እንጂ ይህን አያስብም።

የአዲስ አበባው ኪራይና የባንክ ደብተር

ነዋሪ የተባለ ሰው ግብር የሚከፍለው ዓለም ላይ ካገኘው ገቢ ሁሉ ነው። ቦሌ የሚከራይ ቤት፣ ከአክሲዮን የሚመጣ የትርፍ ድርሻ፣ የባንክ ወለድ ሁሉም ይገባል። ለኢትዮጵያ መንግሥት በተከፈለው የገቢ ግብር ልክ በአሜሪካው ላይ ማቀናነሻ ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም የለም። ስለዚህ የኪራይ ደረሰኙን የያዘ ወንድም ወይም እህት ወረቀቱን አጠራቅሞ ቢልክ ውለታው ቀላል አይደለም።

ከገቢው ሌላ የባንክ ሒሳብም ይገለጻል። በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦች ሁሉ ተደምረው በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀንም ቢሆን ከ10 ሺህ ዶላር ካለፉ፣ ኤፍ ባር የሚባለው ሪፖርት ለግምጃ ቤቱ የፋይናንስ ወንጀል ክትትል ክፍል ይላካል። ብር ወደ ዶላር የሚመነዘረው በዓመቱ መጨረሻ ተመን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ስለነበር 570 ሺህ ብር ያህል ከድንበሩ ላይ ያደርስ ነበር። በ2024 ማለቂያ ዶላሩ ከ120 ብር በላይ ስለዋለ ድንበሩ ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር በላይ ሄዷል። ብሩ ሲወድቅ ከተጠቀሙት ጥቂቶች መካከል እነዚህ ሰዎች ሊቆጠሩ ይችላሉ።

ሸሪኮች የሚዘነጉት ግን ፊርማውን ነው። ገንዘቡ የእሱ ባይሆንም፣ በአዲስ አበባው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሒሳብ ላይ የመፈረም ሥልጣን ያለው ግሪን ካርድ ያዥ ያንን ሒሳብ ሪፖርት ያደርጋል። በማኅበሩ ውስጥ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ካለውም እንደ ሁኔታው ፎርም 5471 ሊጠየቅ ይችላል። ይህን አለማቅረብ በየዓመቱ 10 ሺህ ዶላር ያስቀጣል። ለሥራ ቀልጣፋነት ተብሎ አሜሪካ ያለውን ሸሪክ ፈራሚ ማድረግ የተለመደ ስለሆነ፣ ነገሩ ከመመዝገቡ በፊት መታሰብ ያለበት ነው።

የጋብቻው ሣጥንም አለ። ሚስቱ አዲስ አበባ ያለች ሰው በግብር ማስታወቂያው ላይ «ያላገባ» ብሎ ምልክት ሲያደርግ፣ በዜግነቱ ማመልከቻ ላይ ደግሞ የሠርጉን ቀን ይጽፋል። መርማሪው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። የማስተካከያ ፎርም 1040 ኤክስ ስላለ፣ ይህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ሊታረም የሚችል ነው።

ከመዘግየቱ ይልቅ ውሸቱ

ኤን 400 ጊዜው ያለፈበት የፌዴራል፣ የስቴት ወይም የአካባቢ ግብር ዕዳ አለብዎት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዕዳ ያለበት ሰው «አዎን» ብሎ የክፍያ ስምምነቱንና ሲከፍል የቆየበትን ማስረጃ ቢያያይዝ ጉዳዩ ይታይለታል። «የለብኝም» ብሎ በመሐላ ቃሉን የሰጠና የተገኘበት ግን ሌላ ምድብ ውስጥ ይገባል። ጥቅም ለማግኘት በመሐላ የተነገረ ውሸት ራሱን ችሎ መልካም ጠባይን የሚያስቀር ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩንጊስ ጉዳይ እንደተረጎመው፣ ውሸቱ ለውሳኔው ወሳኝ መሆኑም አያስፈልግም። አንድ ሺህ ዶላር ዕዳ የማያስከለክለውን ዜግነት፣ ስለ አንድ ሺህ ዶላሩ የተነገረ ውሸት ያስከለክለዋል። ዜግነቱ ከተገኘ በኋላ ቢደረስበትም የማሰረዣ ክስ ሊያስነሳ ይችላል።

ሐሰተኛ ማስታወቂያ ማቅረብ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በካሊፎርኒያ ምግብ ቤት የነበራቸው ጃፓናውያን ባልና ሚስት ካዋሺማ፣ ከ1984 ጀምሮ የአሜሪካ ቋሚ ነዋሪዎች ነበሩ። የኩባንያቸውን የ1991 የግብር ማስታወቂያ በሐሰት በመሙላትና በመርዳት እ.ኤ.አ. በ1997 ጥፋታቸውን አመኑ። መንግሥት ያጣው ከ245 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 2012፣ በ6 ድምፅ ለ3፣ መንግሥትን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያሳጣ እንዲህ ያለ ወንጀል በኢሚግሬሽን ሕግ «ከባድ ወንጀል» ተብሎ ከአገር እንደሚያስወጣ ወሰነ። በዚህ ምድብ የተፈረደበት ሰው ዜግነት እስከ መጨረሻው ይቀርበታል። ባልና ሚስቱ ማስታወቂያ አቅርበዋል፤ ያቀረቡት ሐሰት መሆኑ ነው የጎዳቸው። የጥሬ ገንዘብ ሽያጩን እየቆረጠ ለሚያሳውቅ ባለ ሱቅ ይህ ፍርድ ከመዘግየት መቀጫ ይልቅ ሊያሳስበው ይገባል።

ቅደም ተከተሉ

ክፍት ዓመት ያለበት ሰው መጀመሪያ ትራንስክሪፕቱን ያወጣል፤ የትኛው ዓመት እንደጎደለ በግምት ሳይሆን በወረቀት ያውቃል። ቀጥሎ የጎደሉትን ያስገባል። አይ አር ኤስ ላልቀረቡ ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ ወደኋላ 6 ዓመት ይጠይቃል፤ ዜግነቱ የሚያየውም ከዚህ አይርቅም። ዕዳ ከመጣ፣ እስከ 50 ሺህ ዶላር ድረስ የረዥም ጊዜ የመክፈያ ስምምነት በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል። ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ለጥቂት ወራት ሳያቋርጡ መክፈልና ደረሰኙን መያዝ፣ ስምምነቱን በዋዜማው ፈርሞ ከመቅረብ ይሻላል። ኤን 400 የሚላከው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማመልከቻውን አስቀድሞ ልኮ «እስኪጠሩኝ ድረስ አስተካክላለሁ» የሚለው ቁማር ነው። ማመልከቻው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በወረቀት 760፣ በኢንተርኔት 710 ዶላር ያስከፍላል፤ ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። የተከለከለ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንደገና እንዲሰማለት ሊጠይቅ ወይም ጉድለቱን አርሞ በአዲስ መልክ ሊያመለክት ይችላል።

የስቴት ግብር እንዳይረሳ። ቨርጂኒያ የሚኖረው ማስታወቂያውን እስከ ሜይ 1 ያስገባል፤ ለአውራጃው የሚከፍለው የመኪና ግብርም «የአካባቢ ግብር» በሚለው ውስጥ ነው። መልካም ጠባይ የሚለካውም እስከ ቃለ መሐላው ቀን ነው እንጂ ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ አያበቃም። በማርች ፈተናውን አልፎ በሜይ ለሚምል ሰው መካከል ላይ ኤፕሪል 15 አለ።

መሐላው ሲፈጸም አዲስ አበባ ላለው ሸሪክም የሚቀየር ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ በማኅበሩ ውስጥ የሚቀጥለው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መብቱ የተጠበቀለት ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ነውና የማኅበሩ ወረቀት በዚሁ መስተካከል ይኖርበታል። የአሜሪካ ግብር ግን ተከትሎት ይመጣል። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ታስከፍላለች። በ2015 በወጣ ሕግ መሠረትም የተወሰነበት የግብር ዕዳ ከነመቀጫውና ከነወለዱ ከ50 ሺህ ዶላር ሲያልፍ፣ መጠኑም በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ሲስተካከል፣ አይ አር ኤስ ስሙን ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያስተላልፋል፤ መሥሪያ ቤቱም ፓስፖርት ሊከለክለው ወይም ያለውን ሊሰርዝበት ይችላል። የመክፈያ ስምምነት ኖሮት በጊዜው የሚከፍል ሰው ስሙ አይተላለፍም።